ሰው እያናደደች ደም የምትቀዳው ሲስተር አስካለ

ሲስተር አስካለ ደሴ ላይ ማረፏ በተሰማ ማግስት ስልኬ ሦስት ጊዜ ጮኸ። ሦስቱም ጅዳ ውስጥ ቤታቸው ድረስ እየሄደች ደም ስትቀዳቸው የኖሩ ሰዎች ነበሩ። መጀመሪያ የደወሉት ወደብ ላይ ክሬን ሲነዱ ያረጁት የመናዊው ዓሚ ሳልም ናቸው። "አላህ ያጽናችሁ" አሉና፣ "እንግዲያው ይቺ አዲሷ ነርስ ልትቀጥል ነው ማለት ነው?" ሲሉ ጠየቁኝ። ሁለተኛዋ ሸረፊያ የሚኖሩ የአንድ ኢንጂነር ባለቤት ናቸው። አልቅሰው አልቅሰው ሲያበቁ፣ "ትመለሳለች ብዬ እኮ ነው ክንዴን ያስቀመጥኩላት" አሉኝ፤ ክንድ እንደ ሻንጣ አደራ የሚቀመጥ ይመስል። ሦስተኛው ሰውዬ ደግሞ "ክርክራችንን ሳንጨርስ!" ብሎ ዘጋው። ያንገበገበው ሞቷ ይሁን ክርክሩ እስካሁን አላወቅሁም።

አንድ አራተኛ ሰው ሊደውሉ ይገባ ነበር፤ አልደወሉም። አልሰሙማ። እሳቸው ሐጃ ፋጡማ ናቸው፣ ቤታቸው መካ ነው። የልባቸው በር ተበላሽቶ በብረት ከተተካ ወዲህ ደም ማቅጠኛ ኪኒን ይወስዳሉ። ኪኒኑ ካነሰ ደማቸው ይረጋል፣ ከበዛ ደግሞ መድማት ይጀምራሉ። ስለዚህ በየሳምንቱ ማክሰኞ ደማቸው ተቀድቶ መለካት አለበት። በጣት ጫፍ የሚለካ መሣሪያም አለ ይላሉ፤ ሐኪማቸው ግን ከደም ሥር የተቀዳውን በብልቃጥ ካላየ አያምንም። ሐጃ ደግሞ አስካለ ሳታናድዳቸው ለማንም ሰው ክንዳቸውን አይዘረጉም። መርዶው የመጣው እሑድ ነው። ማክሰኞ ሁለት ቀን ቀርቶታል።

እንዴት እዚህ ላይ እንደደረስን ለማወቅ መጀመሪያ አስካለን ማወቅ ያስፈልጋል።

እኔ ነጃት እባላለሁ፣ ሾፌር ነኝ። ጅዳ የመጣሁት ለቤት ሥራ ነበር። ዐረብኛ ማንበብ ያስተማሩኝ የሳሙና ካርቶንና የማዳም የመድኃኒት ብልቃጦች ናቸው። ሴት መንዳት የተፈቀደ ጊዜ መንጃ ፈቃድ አወጣሁና ነርስ ወደ ሰው ቤት እየላከ ደም የሚያስቀዳ አንድ ድርጅት ቀጠረኝ። ስለ እኔ ይህ ይበቃል።

ሥራ የጀመርኩ ቀን "የምትነጃት ሐበሻ ናት" ብለው አሳዩኝ። አጭር፣ ወፈር ያለች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት አባያዋን ሰብሰብ አድርጋ ከኋላ ገባች። በዕድሜ እናቴን ስለምታክል "አንቱ" ብዬ ጀመርኩ። ከሁለት መንገድ በኋላ ትከሻዬን ነካ አድርጋ፣ "ስሚ ልጄ፣ አንቱ ስትይኝ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ፣ ያለቀ ይመስለኛል። አንቺ በይኝ" አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም "ሲስተር" እያልኩ አንቺ አልኳት።

አስካለ የደሴ ልጅ ናት፣ ክርስቲያን። ይሁንና እንደ ደሴ ሰው ሁሉ ስትናደድ "ወላሂ" ይወጣታል። መድኃኔ ዓለምንና ወላሂን በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ጠርታ ሁለቱንም ሳታስቀይም የምትወጣ ሴት ከእሷ በቀር አላየሁም።

የመጀመሪያው ቤት የዓሚ ሳልም ነበር። ሻንጣዋን ተሸክሜላት ገባሁ። እሳቸው ቀጭን ክንዳቸውን ትራስ ላይ አስቀምጠው ይጠብቃሉ። እኔ ላስቲኩን ታስርና መርፌውን ታወጣለች ብዬ ስጠብቅ፣ እሷ ላስቲኩን ላላ አድርጋ አሰረችና ወንበሯ ላይ ተደላድላ ወሬ ጀመረች።

"ዓሚ፣ አሁን ወደቡ ላይ ክሬኑን የሚነዳው ኮምፒውተር ነው አሉ።"

"ማነው ያለሽ?"

"ሰው። ኮንቴይነሩን ሲያስቀምጠው ድምፅ የለውም አሉ፤ ቁራሽ ስኳር የሚያስቀምጥ ነው የሚመስለው። በድሮዎቹ ጊዜ ግን ያ ሁሉ ዕቃ ይሰበር ነበር አሉ።"

ሽማግሌው ከትራሱ ቀና አሉ። "ዕቃ ይሰበር ነበር? እኔ ዕቃ ሰብሬ አውቃለሁ? ኮምፒውተር ነፋስ ያውቃል? ባሕሩ ሲያብጥ መርከቧ ወዴት እንደምታዘነብል ያውቃል? ማን ነው ያ ሰው፣ ስሙን ንገሪኝ!"

ጡጫቸውን ጨብጠው ትራሱን ደበደቡት። የክንዳቸው ደም ሥር እንደ ገመድ ተነሣ። አስካለ በዚያች ቅጽበት "ይቅር ይበሉኝ" ብላ በመርፌዋ ገብታ ወጣች።

"ጨርሻለሁ ዓሚ።"

"ምኑን ነው የጨረስሽው? ገና መች ተናገርኩ!"

መኪና ውስጥ ስንመለስ በመስታወት አየኋትና ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። "ምን ያስቅሻል? የፈራ ሰው ደም ሥሩ ይደበቃል። የተናደደ ሰው ግን ለመደበቅ ጊዜ የለውም። እኔ ደም ቀጂ አይደለሁም፣ ተሰዳቢ ነኝ። ደሙ የስድቡ ምርቃት ነው" አለችኝ።

በኋላ አንድ ሐኪም ይህን ስነግረው፣ "ንዴቱ አይደለም፣ ጡጫው ነው። እጅን በሙቅ ውሃ መንከርም ይበቃል" አለኝ። ሊሆን ይችላል። ሙቅ ውሃ ግን እንደ አስካለ አያወራም።

ለእያንዳንዱ ሰው የሚያናድደውን ነገር ለይታ ታውቅ ነበር። በደብተር አትጽፈውም፤ ኃላፊያችን ሙዲሩ ቢያገኘው ያባርራታላ። አንዱ በኳስ ይናደዳል፣ አንዷ በምራቷ፣ አንዱ ደግሞ "ዕድሜዎ ስንት ነው?" መባል ብቻ ይበቃዋል። ሐበሻው ግን በሙያ ነው የሚናደደው። "ይህን ሕንጻ የሠራው መሐንዲስ ማን ነው? ያዘመመ መሰለኝ" ትላለች ኢንጂነሩን፤ በቃ።

ሐበሻ ቤት የሚያስቸግራት ሌላ ነገር ነበር። ለኮሌስትሮል ምርመራ ሰውዬው ከማታ ጀምሮ ምግብ እንዳይቀምስ ይነገረዋል። እኛ ጠዋት ስንደርስ ጠረጴዛው ሞልቷል። ለማን? ለእንግዳዋ ነዋ! እንግዳ ባዶ አፉን አይወጣም። እንግዳ ደግሞ ብቻውን አይበላም። ስለዚህ ባለቤቱ "ለማስጀመር ያህል" ብሎ ይቆርሳል፣ ሚስቱ "በሞቴ" ብላ ታጎርሰዋለች፣ ምርመራው እዚያው ጠረጴዛው ላይ ያልቃል። አስካለ ይህን ስታይ ዘዴ አወጣች። ገና ከበር ላይ "ጾም ነኝ" ማለት። እንግዳው ከጾመ ባለቤቱም ይጾማል፣ ደሙም ይጾማል።

ዘዴው ብዙ ጊዜ ሠራ። አንድ ቀን ግን ሸረፊያ፣ እነዚያ አሁን ክንዴን አደራ አስቀምጬ ነበር የሚሉት የኢንጂነሩ ባለቤት ቤት፣ "ጾም ነኝ" ስትል ሴትዮዋ አፈጠጡባት።

"ምን ጾም ነው?"

"ያው ጾም ነዋ።"

"ሲስተር! የፋሲካ ማግስት እኮ ነው! ሃምሳ ቀን ሙሉ ምን ጾም አለ?"

አስካለ መነጽሯን ዓይኗ ላይ አደረገች። ከዚያ በዝግታ፣ "የስእለት ነው" አለች።

"ለማን ነው የተሳልሽው?"

"ለባለቤትዎ ኮሌስትሮል።"

ኢንጂነሩ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ያን ቀን ሳታናድድ ቀዳች፤ ከዚያ ወዲህ ግን "ሳቅ አይመቸኝም፣ ክንድ ያንቀጠቅጣል" ትል ነበር።

ሐጃ ፋጡማን ያገኘናቸው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ፣ ጅዳ ዘመድ ቤት አንድ ወር ሲያገግሙ ነው። አባታቸው ከወሎ ቦረና ወጥተው፣ ባሕር ተሻግረው፣ ለሐጅ መካ የገቡ ሰው ናቸው፤ በዚያው ቀሩ። ሐጃ የተወለዱት መካ ነው፣ ያገቡትም፣ ባላቸውን የቀበሩትም መካ። ወሎን በዓይናቸው አይተዋት አያውቁም። አማርኛቸው ግን የእናታቸው ነው፤ እኔ እንኳ የረሳሁት ቃል ከአፋቸው ይወጣል። ልጃቸው ሱመያ ደግሞ አማርኛውን በዐረብኛ ካልጠገነችው አይቆምላትም።

ስንገባ ሁለቱም ክንዳቸው ጠቁሮ በልዞ ነበር። ሆስፒታል ሰባት ሰው ሞክሮባቸዋል። ፋይላቸው ላይ "ግራ ክንድ፦ ደም ሥር አልተገኘም" ተብሎ ተጽፏል። ሐጃ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ "ኻላስ፣ በቃኝ፤ መርፌ ከሚገባብኝ ልሙት" ይላሉ። ሱመያ ታለቅሳለች። አስካለ ክንዳቸውን አልነካችም። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ሐጃ፣ አገርዎ የት ነው?"

"ወሎ" አሉ ወደ ግድግዳው።

"መቼ መጡ ከወሎ?"

"የተወለድኩት እዚሁ መካ ነው።"

"እንዲያ ከሆነ ወሎየ አይደሉማ። የመካ ሰው ነዎት።"

ሐጃ ከግድግዳው ዞሩ። "ምን አልሽ?"

"ወሎየማ ወሎን ያየ ነው። አይተዋት ያውቃሉ?"

"አንቺ ጀነትን አይተሻት ታውቂያለሽ? ታዲያ አታምኝም? እዩልኝ ይቺን! አባቴ በእግሩ የወጣበትን አገር፣ እናቴ ስታለቅስለት የሞተችለትን አገር፣ ይቺ አንድ ፍሬ ሴትዮ መጥታ ትነጥቀኝ! ደሴ በመወለድሽ ነው? ደሴ ከተማ ነው፤ ወሎ ማለት ገጠሩ ነው!"

ቀኝ እጃቸውን ጨብጠው አነሡባት። አስካለ እጁን በአየር ላይ ተቀበለችና፣ "ይቅር ይበሉኝ" አለች። ሐጃ ጥጥ ሲደረግላቸው ነው የነቁት። ክንዳቸውን አዩ፣ ብልቃጡን አዩ፣ አስካለን አዩ።

"ይቺን ባለጌ ሁለተኛ እንዳታመጡብኝ" አሉ ለሱመያ።

ሻንጣችንን ዘግተን በሩ ላይ ስንደርስ ጠሩን።

"መቼ ነው የምትመለሺ?"

"ማክሰኞ።"

"እኔም የምነግርሽ አለኝ።"

ወሩ አለቀና ሐጃ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። እዚህ ላይ ነው ችግሩ። አስካለ ክርስቲያን ናት፣ መካ አትገባም። ድርጅቱ ከመካ ሌሎች ላከላቸው። አንዱ አራት ጊዜ ወጋ፣ አንዷ ከእሳቸው ጋር አብራ አለቀሰች፤ በጣም ጥሩ ልጅ ነበረች አሉ ሐጃ፣ ነገር ግን አታናድድም። ሦስተኛውን በር ላይ መለሱት። ሐኪሙ ደሙ ሳይለካ ኪኒኑን መቀጠል አይቻልም አለ፤ ያለ ኪኒኑ ደግሞ ብረቱ ላይ ደም ይረጋል። ሱመያ ደውላ ስታለቅስ አስካለ ስልኩን ከእኔ ተቀበለች።

"እኔ መግባት አልችልም። እሳቸው ግን መውጣት ይችላሉ አይደል?"

እንዲህ ሆኖ በየማክሰኞው ጠዋት፣ ሹመይሲ ሳይደረስ፣ መንገዱ ለሙስሊምና ሙስሊም ላልሆነ ለሁለት ከሚከፈልበት ወዲህ ባለ አንድ ማደያ እንገናኝ ጀመር። ሹመይሲ ሲባል ሐበሻ ሁሉ የሚታየው ወደ አገር የሚጠረዙት የሚታሰሩበት ቦታ ነው። በገዛ ፈቃዱ፣ ያውም በየሳምንቱ፣ ወደዚያ የሚነዳ ሐበሻ ከእኛ በቀር የነበረ አይመስለኝም። ነጩን ኢሕራም የለበሱ ተጓዦችን የጫነ አውቶቡስ ሁሉ ወደ መካ ይጎርፋል። ዓለም በሙሉ ዕድሜውን ሲመኝ ኖሮ ወደሚገባባት ከተማ ሁሉም ሲጣደፍ፣ ሐጃ ብቻቸውን ለመሰደብ ይወጣሉ።

ሙዲራችን ግን ተቸገረ። "ሲስተሙ የቤት ቁጥር ካልተሞላበት አይቀበልም" አለ።

"የመኪናዋን ታርጋ ሙላበት" አለች አስካለ።

ሞላበት። በድርጅታችን መዝገብ የሐጃ ፋጡማ መኖሪያ ቤት እስከ ዛሬ አንዲት ነጭ መኪና ናት።

ሱመያ መኪናዋን ከኛ አጠገብ ታቆማለች። ሐጃ የኋላ ወንበር ላይ እንደ ዳኛ ተቀምጠዋል። ገና መስኮቱ ሳይወርድ ቀኝ እጅጌያቸውን ጠቅልለዋል። ለሳምንቱ ያዘጋጁት መልስ ስላለ እሷን አያስጀምሯትም።

"ባለፈው የወሎ ማር ከጎጃም ያንሳል ብለሻል። አስቤበታለሁ።"

"ምን አሰቡ?"

"አንቺ ማር አታውቂም ብዬ አሰብኩ።"

"እኔማ በልቼዋለሁ። አንቱ በወሬ ነው የሚያውቁት።"

አለቀ፤ ደም ሥሩ ተነሣ። ስትጨርስ ሐጃ ከቦርሳቸው ትንሽ ጠርሙስ የዘምዘም ውሃ አውጥተው ይሰጧታል። "ጠጪ፤ ለምላስሽ መድኃኒት ይሆናል።" አስካለ ቆማ እስከ መጨረሻው ትጠጣና አፏን በአባያዋ ጠርዝ ትጠርጋለች። "ምንም አልሠራም፤ ለሚቀጥለው ሳምንት ጨምረው ያምጡ" ትላለች። ብልቃጡን በረዶ ሳጥን ውስጥ አድርገን ወደ ጅዳ እንበራለን።

ጎበዝ ነበረች ብቻ ብዬ እንዳልዋሽ የሠራችውን ጥፋትም ልናገር። አንድ ዓመት ለዕረፍት ደሴ ሄዳ ስትመለስ ለሐጃ የጎመን ዘር አመጣች። በወረቀት ተጠቅልሎ ጭብጥ የማይሞላ ዘር ነው። ሐጃ ወረቀቱን አሽትተው ደረታቸው ላይ ያዙት። ያን ቀን የሚያናድዳቸው ጠፋና ሦስት ጊዜ ተወጉ። ከዚያ ዘሩን ጣራቸው ላይ በቅቤ ቆርቆሮ ዘሩት። ውሃና የመካ ፀሐይ አግኝቶ ጎመኑ ጫካ ሆነ። ሐጃ ወሎን ባያዩም በሉት፤ ጠዋት ማታ በሉት።

ውጤቱ መዛባት ጀመረ። ደማቸው በየሳምንቱ እየወፈረ መጣ። ሐኪሙ ኪኒኑን ጨመረ፣ እንደገና ጨመረ። "ምን ተለወጠ?" ሲላቸው ሐጃ "ወላሂ ምንም" ይላሉ። አስካለ መኪና ውስጥ ወረቀቱን እያየች ድንገት ግንባሯን መታች።

"ነጃት! ጎመን እኮ ኪኒኑን ይገድለዋል! ይህን ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ፤ ፈተና ላይም መልሼዋለሁ! በገዛ እጄ ለሴትዮዋ መርዝ አመጣሁላት!"

ሐኪሙ ጋ ራሷ ደውላ ተናዘዘች። እሱ አልተቆጣም፤ "በየቀኑ እኩል እኩል ከበሉ ችግር የለም፣ ኪኒኑን በዚያ እንለካዋለን" አላት። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ጠዋት ወደ መካ ትደውላለች። "ዛሬ ስንት ቅጠል?" "አምስት።" "ትንሽ ነው ትልቅ?" "መካከለኛ።" "ይማሉ?" "አንቺ ማን ነሽና ነው የምምልልሽ?" ስንት ሰው በመሐላ የሚጣላበትን ነገር እነሱ በቅጠል ቆጥረው ተስማሙ።

ስልሳ ዓመት ሞላትና ኮንትራቷ አልታደሰም። የመጨረሻዋ ማክሰኞ ማደያው ላይ ስንደርስ እንዴት እንደምትሰናበታቸው ጨንቆኝ ነበር። እሷ መስኮቱ ላይ ዘንበል ብላ፣ "ሐጃ፣ እኔ እንግዲህ ወሎ ልገባ ነው። ጎመን ሳልቆጥር ልበላ ነው። አንቱ እዚሁ አምስት ቅጠልዎን ይቁጠሩ" አለቻቸው። ሐጃ እንደዚያ ተናደው አላየሁም። ደሙ ብልቃጡን ሞልቶ፣ ጥጡ ተለጥፎ፣ መኪናቸው ዞሮ ሲሄድ እንኳ የሚቆጣው እጃቸው በኋላ መስታወት ይታይ ነበር። አስካለ እስኪሰወሩ ቆመች። "አየሽ፣ እንዲህ ይሻላል" አለችና ገብታ በሩን ዘጋች።

በቦታዋ ሰልማ የምትባል ሕንዳዊት መጣች። ሙስሊም ስለሆነች መካ ትገባለች፤ እኔም እነዳታለሁ። ማደያው ቀረ፣ ቤታቸው ድረስ እንሄዳለን። ሰልማ ረጋ ያለች፣ መርፌውን ሳታወጣ አራት ጊዜ "ይቅርታ ማማ" የምትል ልጅ ናት። ሐጃ ገና ሲያዩዋት እጃቸውን ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተቱ። "ይቺ ልጅ ስድ አይደለችም" አሉኝ በአማርኛ። "ምን ላድርግላት?"

ሌላ መንገድ ስላልነበረ ደሴ ደወልኩ። ስልኩን በቪዲዮ ከትራሱ ጋር አቆምነው። አስካለ ነጠላ ለብሳ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ብቅ አለች።

"ሐጃ፣ ከስለዋል እኮ! የመካ አየር አልተስማማዎትም? እዚህማ ዛሬ ዘነበ።"

"ዝናብሽን ይዘሽ ጥፊ!"

"ጎረቤቴን፣ መካ ሆና ወሎየ ነኝ የምትል ሴት አውቃለሁ ብላት..."

ኔትወርኩ ቆመ። አስካለ አፏን እንደከፈተች ደርቃ ቀረች። ሐጃ ስልኩን ያዙ። "ምን አለች? ጎረቤትሽ ምን አለች? ጨርሺው! ስድቡን ጨርሺው እንጂ!" ሰልማ አንድ የአማርኛ ቃል ሳይገባት በዚያች ደቂቃ ቀዳች። ሰባት ወር እንዲህ ሄደ።

ከዚያ አንድ ማክሰኞ አስካለ ስልክ አላነሣችም። በሚቀጥለውም አላነሣችም። ሐጃ ሁለቱንም ጊዜ እጃቸውን አልሰጡም፤ "እሷ ትምጣ" አሉ። እግራቸው ማበጥ ጀመረ። ሐኪሙ "ሦስተኛው ማክሰኞ ሳይቀዳ ካለፈ ሆስፒታል አስተኝቼ በግድ አስቀዳለሁ" አለ። ሐጃ ደግሞ ሆስፒታል አልመለስም ብለው ምለዋል። በሦስተኛው ሳምንት እሑድ የአስካለ ወንድም ደወለልኝ። ደም ግፊት ነው፣ ሁለት ሳምንት ተኝታ ነበር አለ። የሰውን ደም ስታስለካ የኖረች ሴት የራሷን ስታስለካ ግን ማንም አይቷት አያውቅም።

ማክሰኞ መካ ስንደርስ ሱመያ በር ላይ ይዛ አስቀረችኝ። ነግሬያታለሁ፣ ታውቃለች።

"ቢላሂ ነጃት፣ ደሙ ሳይቀዳ እንዳትነግሪያት። ከተቀዳ በኋላ፣ ጎረቤት ጠርቼ፣ እንደ ደንቡ እናረዳታለን። አሁን ከሰማች ኻላስ፣ እጇን አትሰጥም።"

እሺ አልኩ። ገባሁ። ሐጃ ትራሱን ራሳቸው አስተካክለው ጠብቀውናል።

"ስልኩን አቁሚልኝ።"

"ኔትወርክ የለም ሐጃ።"

"ሦስት ሳምንት ሙሉ?"

"ዛሬ እኔ ላናድድዎት።"

"አንቺ?" ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "እስቲ።"

አሰብኩ። ስንት ዓመት ስሰማው የኖርኩት ስድብ ሁሉ በቃሌ ነበር። "ሐጃ፣ አንቱ እኮ... አንቱ ወሎየ..." ብዬ ቀረሁ። እንባዬ ቀደመኝ።

ሐጃ ከትራሱ ቀና አሉ።

"ነጃት፣ ስድብ እያለቀሱ አይሰደብም" አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ "መቼ ነው?"

"ቅዳሜ።"

"ቀበሯት?"

"እሑድ።"

ሱመያ ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። ሐጃ "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሰልማ አማርኛ ባይገባትም ይህን ሳታውቅ አልቀረችም፤ ላስቲኩንና መርፌውን ያለ ድምፅ ወደ ሻንጣዋ መመለስ ጀመረች።

ሐጃ ዓይናቸውን ሳይገልጡ በዐረብኛ ጠየቋት። "ወዴት ነው?"

"ሌላ ቀን እመጣለሁ ማማ።"

"ዛሬ ማክሰኞ አይደለም?"

ቀስ ብለው ግራ እጅጌያቸውን መጠቅለል ጀመሩ። ሰልማ ፋይሉን አየች፣ እኔን አየች። "ቀኙ ይሻላል ማማ። ግራው ደም ሥር የለውም ተብሎ ተጽፏል።"

"ቀኙ ሐዘን ላይ ነው" አሉ ሐጃ።

ሰልማ ይቅርታ ማለቷን ረሳች። የግራ ክንዳቸውን በሁለት መዳፏ መካከል ይዛ እስኪሞቅ ቆየች። ማንም አልተናደደም፣ ማንም አልተሰደበም። በመጀመሪያው ሙከራ ደሙ መጣ፤ ሰባት ሰው ካቃተው ክንድ፣ ረጋ ብሎ፣ ብልቃጡን ሞላ። አስካለ ይህን ብታይ በጣም ትናደድ ነበር።

ሱመያ እናቷ አጠገብ ተንበርክካ ጥጡን ያዘችላቸው። ዓይኗን እየጠረገች፣ "ቀኙ እስከ መቼ ነው የሚያዝነው፣ ማማ?" አለች።

"ሦስት ቀን። በሸሪዓው ለባል ካልሆነ ከዚያ አይበልጥም።"

"እንግዲያው ለሚቀጥለው ሳምንት ይደርስልናል" አልኩ እኔ፣ ሻንጣውን እያነሣሁ።

ሐጃ ግራ እጅጌያቸውን አወረዱ፣ ቁልፉን ቆለፉ።

"እኔ አስካለን የማውቃት ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻ ነው" አሉ። "ሦስት ማክሰኞ ቁጠሪ።"